ከጣና ደንገል የተሰራችውን ራ 2ን በሞዴል ለመስራት

እዚ ባህር ዳር ሸራ ያላት የድሮ መርከብ ሞዴል መስራት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሲያማክረኝ ሁሌ የምለው ራ 2ን ጀምር ነው። ታንኳችን ሸራ የላትም፣ የአውሮፓ መርከብ ደሞ እንጨቱም ፕላኑም እዚ አይገኝም፣ ራ 2 ግን ሸራም አላት ደንገሏም የተቆረጠው ከዚሁ ከጣና ነው። ቶር ሄየርዳል የሚባለው ኖርዌጂያዊ በጥንት ግብፆች መቃብር ስዕል ተመርቶ ያሰራት መርከብ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ሳፊ ተነስታ አትላንቲክን አቋርጣ በ57 ቀን የካሪቢያኗ ደሴት ባርቤዶስ ገባች፣ አሁን ኦስሎ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ አለች።

ፎቶ ስትሰበስቡ ከራ 1 ጋር እንዳትቀላቅሏት። የ1969ኟ ራ 1 15 ሜትር ናት፣ የሰሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ኋላዋ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ የግብፆቹ ስዕል ላይ ከቆልማማው የኋላ ጫፍ ወደ መርከቧ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ፣ ጫፉን ቆልምሞ ለመያዝ ብቻ ነው ተብሎ ቀረ፣ ለካ ኋላዋን ወጥሮ ወደ ላይ የሚይዛት እሱ ነበር። አንድ ገመድ! ስለዚ ሞዴል ላይ ገመድ ጌጥ ነው ብላችሁ እንዳትዘሉ። ራ 2ን የሰሯት ደቡብ አሜሪካ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራ የሚባሉ ሰዎች ናቸው፣ ርዝመቷም 12 ሜትር ነው።

ስኬሉን 1 ለ24 አድርጉት፣ 12 ሜትሩ 50 ሳንቲ ይሆንላችኋል። እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደንገል ቆርጦ በቀጥታ ለመስራት ሲሞክር ነው፣ እውነተኛው ደንገል በዚ ስኬል ግንድ ይመስላል። እኔ የምጠቀመው ስንደዶ ነው፣ እናቶች ለመሶብ የሚገዙት፣ አንዱ አገዳ 1 ሚሊ ገደማ ስለሆነ በስኬል 2.4 ሳንቲ ደንገል ማለት ነው፣ ቀለሙም የደረቀ ደንገል ቀለም ነው፣ በቃ ከዚ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ። ያልተቀለመውን ግዙ። ደንገል ደሞ 12 ሜትር አያድግም፣ 4 ሜትር ብትሉት በስኬል 17 ሳንቲ አይሞላም፣ ስለዚ ስንደዶውን 16 ሳንቲ እየቆረጣችሁ መጋጠሚያው አንድ ቦታ ላይ እንዳይውል እያፈራረቃችሁ ደርድሩት፣ ወደ ጫፎቹ ስትሄዱ ቁጥሩን ቀንሱ።

አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ጥቅልል፣ መሀል አንድ ቀጭን። አንድ ክር ሳይቆረጥ የግራውንና የመሀሉን አብሮ እየጠመጠመ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ሌላ ክር የቀኙንና ያንኑ የመሀሉን። ስትወጥሩት ሁለቱ ትልልቆቹ ተሳስበው ይጋጠሙና የመሀሉ ከውጭ አይታይም። ክሩ የገበያ ፈትል ይሁን፣ ከርራችሁ ጧፍ ላይ ሁለት ሶስቴ ሳቡት፣ ሰሙ ፀጉሩን ያስተኛዋል። ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ ነጭ ይሆናል፣ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ በቂ ነው።

ስንደዶው እንዳይሰበር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ነክሩት፣ ጣውላ ላይ ሚስማር መታችሁ የፊቱንና የኋላውን ቁልምም ቅርፅ እዛ ላይ አስይዙት። የመጀመሪያዬን እርጥብ እንደሆነ አስሬ በዛው ኮላ ቀባሁትና ጨረስኩ ብዬ ሐይቁ ዳር ታንኳ ለሚሰሩ አንድ አባት ወስጄ አሳየኋቸው። ምንም ሳይሉ ሆዷን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት አገዳዎቹ ክሩ ስር ተንሸራተቱ። «ልጄ፣ ሲደርቅ እኮ ይከሳል፣ ማሰሪያው ሰፋው» አሉኝ። «እና ምን ላድርግ አባባ?» ስላቸው «አድርቀህ ድገመው» ብቻ። ከዛ ወዲህ መጀመሪያ በየ3 ሳንቲው በጊዜያዊ ክር አስራለሁ፣ ሶስት ቀን ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ዋናው ጥምጥም ከዛ በኋላ ነው፣ ኮላውም መጨረሻ።

ምሰሶዋ ሁለት እግር ያለው ነው፣ ደንገል መሀሉ ላይ አንድ ከባድ ምሰሶ ስለማይሸከም እግሮቹ ግራና ቀኝ ጥቅልሎቹ ላይ ያርፋሉ፣ ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ። በሚስማር ሳይሆን በክር እሰሩት። ሸራው ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው፣ መሀሉ ላይ ክብ ፀሐይ አለ፣ ያረጀ ነጠላ ቆርጣችሁ ሻይ ውስጥ ብትነክሩት ንጣቱ ይሄድለታል፣ አዲስ አቡጀዲ ግን ክሩ ወፍራም ስለሆነ ስኬሉን ያበላሻል። ጎጆዋን ከተሰነጠቀ ስንደዶ ሽመና አድርጉት፣ ኋላ ላይ ሁለቱን መሪ መቅዘፊያዎች አትርሱ።

የሸራውን ገመዶች የመጨረሻ ቋጠሮ በኮላ አትዝጉት፣ እዚ ሐይቅ ዳር ክረምትና በጋ ሲቀያየር ክሩ ይላላል ይጠብቃል፣ በየጊዜው ፈታ አድርጋችሁ እንደገና ትወጥሩታላችሁ።