ዲሽ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ራሳችሁ እንዴት ታዞራላችሁ

ብዙ ሰው ዲሹን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲያዞር ግራ ቀኝ ብቻ እያሽከረከረ ነው የሚደክመው፣ ሲግናል ሲጠፋበት በቃ ዲሹ ተበላሽቷል ይላል፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው ላይ ነው። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ስታዩት ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ኢትዮሳት ግን (የኢትዮጵያ ቻናሎች ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የገቡበት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት) 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ሆኖ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ምስራቅ ማዞር ብቻ ምንም አያመጣም፣ ዲሹ በደንብ ወደ ሰማይ ቀና ማለት አለበት።

መጀመሪያ ዲሹ የተሰካበትን ብረት እዩት። ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ እንደ ቱንቢ ተጠቀሙ፣ ብረቱ ካዘነበለ ዲሹን ባዞራችሁ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይቀየርና ስትፈልጉ ትውላላችሁ። የመብራት ሽቦ በቅርብ ካለ ወይ ዝናብ ከጀመረ ጣራ ላይ አትውጡ፣ ይሄ ቀልድ የለውም።

ከዛ ሪሲቨሩን አዘጋጁ። ሳተላይቱን ኤንኤስኤስ 12 ብላችሁ ምረጡ፣ ከሌለ ራሳችሁ 57 ምስራቅ ብላችሁ ጨምሩት። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) ዩኒቨርሳል 9750/10600 ይሁን፣ ፍሪኩዌንሲው 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬቱ 45000። ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ ሪሲቨሩ ከሶኬት ተነቅሎ ይሁን፣ ምክንያቱም በኬብሉ ውስጥ ወደ ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ከዳር ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች የመሃሉን ከነኩ ሾርት ያደርጋል። ቲቪውን ጣራው አጠገብ ማምጣት ካልቻላችሁ አንድ ሰው ስክሪኑን በቪዲዮ ኮል ያሳያችሁ፣ እየጮሁ ከመነጋገር በጣም ይሻላል።

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ ውሰዱ፣ ግን ቆርቆሮ ጣራና ብረት አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል ስለዚህ ግቢ ውስጥ ራቅ ብላችሁ ለኩና አቅጣጫውን በዛፍ ወይ በህንፃ ምልክት ያዙ። ለአዲስ አበባ 115 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማለትም በምስራቅና በደቡብ መሃል ሆኖ ወደ ምስራቅ የሚያደላ። ባህር ዳር ያላችሁ 120፣ ድሬዳዋ 122፣ መቀሌ ደግሞ ወደ 126 አድርጉት። ከፍታው ባህር ዳርና መቀሌ 64 ገደማ፣ ድሬዳዋ 69 ነው።

ከፍታው ላይ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ኤልኤንቢው ከመሃል ዝቅ ብሎ የሚቀመጥበት ሞላላው ዲሽ፣ አብዛኞቻችን ቤት ያለው ማለት ነው፣ ፊቱ ከሚያይበት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለ ቦታ ነው ሲግናል የሚቀበለው። ስለዚህ 66 ዲግሪ ተባለ ብላችሁ ጭራሽ አታጋድሙት፣ ቀጥ ብሎ ከቆመበት ወደኋላ 40 ዲግሪ ገደማ ቢያዘነብል ይበቃል።

አሁን ቡሎኖቹን ዲሹ በእጅ ሲገፋ ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጋችሁ አላሉና ፍለጋ ጀምሩ። እዚህ ጋ ትዕግስት ነው ዋናው። 90 ሳንቲሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ሪሲቨሩ ደግሞ ሲግናሉን ለማሳየት ትንሽ ሰከንድ ይፈልጋል፣ በፍጥነት ካዞራችሁት ሳተላይቱን አልፋችሁት ትሄዳላችሁ። ትንሽ ገፋ፣ ቆም፣ ስክሪኑን እዩ። ከግራ ወደ ቀኝ ጨርሳችሁ ካልመጣ ከፍታውን በጣም ትንሽ ቀይሩና እንደገና። የምታዩት ኳሊቲ የሚለውን ነው፣ ስትሬንግዝ ኤልኤንቢው ስለተሰካ ብቻ ሊሞላ ይችላል፣ አትመኑት። ኳሊቲ ከመጣ ስካን አድርጉ፣ ኢቢሲና ፋና ከገቡ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ።

ከዛ ኤልኤንቢውን በማቀፊያው ውስጥ ቀስ እያላችሁ አሽከርክሩት፣ ኳሊቲው ከፍ የሚልበት ላይ አቁሙ። የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ትንሽ ዘንበል ሲያደርጉት አይታችሁ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ብዙ ነው የሚዞረው፣ ለአዲስ አበባ 60 ዲግሪ አካባቢ። በአንዱ በኩል እምቢ ካለ በሌላው በኩል ሞክሩ።

ስታጠብቁ አንዱን ቡሎን ብቻ ጭርስ አድርጋችሁ አታጥብቁ፣ እያፈራረቃችሁ ኳሊቲውን እያያችሁ አጥብቁ፣ ማጥበቁ ራሱ ዲሹን ስለሚያንቀሳቅሰው። ኮኔክተሩን በናስትሮ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚገባው በሱ ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ትንሽ መቆራረጡ ያለ ነው፣ ግን ኳሊቲውን በጥሩ ቀን እስከ መጨረሻው ካወጣችሁት በትንሽ ካፊያ አይጠፋባችሁም።

ናይልሳትንም የምትፈልጉ ሁለተኛ ዲሽ ያስፈልጋችኋል፣ ሁለቱ ሳተላይቶች 64 ዲግሪ ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ በማድረግ አይሆንም። ሁለቱን ዲሾች በዳይሴክ (ከሁለቱ ዲሽ አንዱን እየመረጠ የሚያገናኝ ትንሽ ማብሪያ) አገናኝታችሁ ወደ አንድ ሪሲቨር ማስገባት ትችላላችሁ።

ደግሞ መስቀል አካባቢና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ለተወሰኑ ቀናት ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ሲግናሉ ለጥቂት ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ኋላ ስለምትሆን ነው፣ ራሱ ስለሚመለስ ዲሹን እንዳትነኩት።