የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲመርጡና ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ውስጥ ለጤና የሚስማማ ምግብ ማብሰል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እሳቱን ከመለኮሱ በፊት ነው፦ የማይታመን ገጽ ያምናል። ያልተሞከረ አሠራር የባለሙያን እጅ እንኳ ያሳፍራል፤ ተሞክሮና ተመዝኖ የተጻፈ ግን ጀማሪውን ደረጃ በደረጃ ይዞት ይሄዳል። ከመጽሐፍም ይሁን ከስልክ የተገኘ አሠራር ሲከተሉ ተደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ጤናማ» የሚለውን ቃል ማመን

ሽፋን ላይ «ጤናማ» ወይም «ቀላል» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቸግርም። ርዕሱን ትተው የሚያስፈልጉትን ነገሮች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ዓይንዎ መጀመሪያ ዘይቱን፣ ጨውንና ማጣፈጫውን ይፈልግ። «ስኳር የለውም» የተባለ ኬክ ግማሽ ኩባያ ማር ከገባበት ወደ 170 ግራም ማር ገባበት ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 140 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከተለመደው ስኳር ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ሁሉም ተደምረው ከ50 ግራም በታች እንዲሆኑ ይመክራል።

የኮኮናት ዘይትም እንዲሁ ነው። ከ80 በመቶ በላዩ የረጋ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት) ሆኖ ሳለ፣ ቅቤ «ጎጂ ነው» ተብሎ ወጥቶ እሱ በምትኩ ሲገባ ይታያል፤ የቅቤው የረጋ ስብ ግን ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። የወይራ ዘይት የረጋ ስቡ ወደ 14 በመቶ ስለሚሆን የተሻለ ምርጫ ነው። ቢሆንም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ አለው። «ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጉ» የሚል መጽሐፍ መጠኑን ለእጅዎ ለቆታል፤ እጅ ደግሞ ሳያውቀው ሦስት ማንኪያ ያፈሳል።

በፎቶ መምረጥ

ፎቶ ምግቡ እንደሚያምር እንጂ አሠራሩ እንደሚሠራ አያሳይም። መጽሐፉን ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ገጾች ይክፈቱ፦ አንድ የአትክልት፣ አንድ የእህል ወይም የጥራጥሬ፣ አንድ የሥጋ ወይም የዓሣ። በእያንዳንዱ ላይ ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ የድስቱ ወይም የመጥበሻው ስፋት፣ የግራም መጠን፣ እንዲሁም መብሰሉ የሚታወቅበት ምልክት መኖሩን ይፈትሹ። «20 ደቂቃ» ብቻ የሚል አሠራር ደካማ ነው። «20 ደቂቃ ያህል፣ ሹካ ሲወጉበት ሳይታገል እስኪገባ» የሚለውን የጻፈው ሰው ድስቱ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ከአሠራሩ ጋር ያመሳክሩ። ዝርዝሩ ላይ ሎሚ ካለና እስከ መጨረሻው መቼ እንደሚገባ ካልተነገረ፣ ጽሑፉን እንደገና ያየው ሰው የለም። ቁጥሮቹንም ይመርምሩ፦ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከ120 እስከ 130 ግራም፣ አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም፣ አንድ ኩባያ ቅቤ 227 ግራም አካባቢ ነው። «አንድ ኩባያ (200 ግራም) ዱቄት» ካሉ መጽሐፉን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። አንድም ሰው ሳያበስላቸው በኮምፒውተር የተገጣጠሙ መጻሕፍት በሚሸጡበት በዚህ ጊዜ ይህ ፍተሻ ብዙ ያድናል።

ኩባያ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር፣ የአውስትራሊያ 250፣ የጃፓን 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ በአብዛኛው አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ ግን 20 ነው። ለወጥ ልዩነቱ አይጎዳም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር በሚጠይቅ ዳቦ ላይ ግን ከሩብ በላይ ጭማሪ ይሆንና ምሬት ያመጣል። ስለዚህ መጽሐፉ የት እንደታተመ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይመልከቱ።

ዱቄትን በኩባያ ከከረጢቱ መዛቅ ሌላው ወጥመድ ነው። በማንኪያ እየጨመሩ ከሞሉት 120 ግራም የሚሆነው ኩባያ፣ ተዝቆ ከተጠቀጠቀ 150 ግራም ያልፋል፤ ኬኩም ይደርቃል። አንድ ግራም ድረስ የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ሁሉ ይፈታል፤ ከሁለተኛ መጽሐፍ በፊት ሚዛን ይግዙ። የኦቨን ሙቀትም እንዲሁ መለወጥ አለበት፦ 350 ዲግሪ ፋራናይት ማለት 177 ሴልሺየስ ነው፤ ኦቨንዎ አየር የሚያዞር ከሆነና መጽሐፉ የጻፈው ለተራው ከሆነ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሱ።

አንድ ነገር ይጨመር፦ «100 ግራም ሩዝ» ሲባል ጥሬው ነው ወይስ የበሰለው? ጥሬው ወደ 360 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ የበሰለው 130 ገደማ ብቻ። ይህን የማይለይ መጽሐፍ በካሎሪ ቁጥሩ አይታመንም።

ጨውን በማንኪያ ብቻ መከተል

አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ የገበታ ጨው ወደ 6 ግራም ይመዝናል። ሻካራና ገለፈታማ ጨው ግን በዚያው ማንኪያ 3 ግራም ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ በሻካራው ተሞክሮ እርስዎ በደቃቁ ካበሰሉ የታሰበውን ጨው እጥፍ አስገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። ለአራት ሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው የገባበት ምግብ ለእያንዳንዱ 3 ግራም ያደርሳል፤ ያውም በአንድ ማዕድ።

የአኩሪ አተር ሶስና የሾርባ ኩብ ካሉ ጨውነታቸውን አብረው ይቁጠሩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለው፤ ወደ ጨው ለመለወጥ በ2.5 ሲባዛ ከ2 ግራም በላይ ጨው ነው። የሚበጀው በተባለው መጠን ግማሽ ጀምሮ፣ ምግቡ ሊወጣ ሲል ቀምሶ፣ ቀድሞ ሎሚ ወይም ሆምጣጤ ጠብ አድርጎ፣ ካነሰ ብቻ ጨው መጨመር ነው። ኮምጣጣ ጣዕም ምግቡን ስለሚያነቃው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ጨው ሳያስፈልግ ይቀራል።

የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ መቀበል

«ሽንኩርቱን ቡናማና ጣፋጭ እስኪሆን 10 ደቂቃ አቁላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በስንት መጽሐፍ ውስጥ አለ! ሽንኩርት 90 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃው እስኪተን ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፣ ቡናማ መሆንም በቅጡ አይጀምርም። በዝግታ ተቁላልቶ ቡናማ ለመሆን 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መጽሐፉን ያመነ ሰው እሳቱን ያበረታል፤ ዳርዳሩ ያርራል፤ እንዳይያዝ ብሎ ዘይት ይደርባል፤ ሳያስበው ምግቡ በዘይት ይሞላል። ሰፊ ድስት ይምረጡ፣ እሳቱን መካከለኛ ያድርጉ፣ ሲይዝ ዘይት ሳይሆን አንድ ማንኪያ ውሃ ጣል ያድርጉ። ስለ ሽንኩርት እውነቱን የሚናገር መጽሐፍ በሌላውም ሰዓቱ የመታመን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስለ ምግብ ደኅንነት ካገኙት ሁሉ መውሰድ

እዚህ ላይ ስህተት ጣዕም አበላሽቶ ብቻ አይቀርም፤ ሰው ያሳምማል፤ ለሕይወትም ያሰጋል።

ቀይ ቦሎቄ ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለው፤ በደንብ ካልፈላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ማስመለስ ያመጣል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ መፍላት አለበት፦ ትንሹ 10 ደቂቃ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 30 ደቂቃ ይመክራል። ደረቅ ቀይ ቦሎቄን በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ በቀጥታ ጨምሩ የሚል አሠራር አደገኛ ነው። ሙቀቱ መርዙን ሳያጠፋ ሊቀር ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ የሚል ገጽም አይከተሉ። አየር የሌለበትና አሲዱ ያነሰ ስፍራ ቦቱሊዝም የተባለውን ለሕይወት የሚያሰጋ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚያድግበት ነው፤ ቤት ውስጥ የተዘጋጀው ፍሪጅ ገብቶ በ4 ቀን ውስጥ ማለቅ፣ አለዚያም ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆኖ መቀመጥ አለበት። በተመሳሳይ ፒኤቻቸው (የአሲድነት መለኪያቸው) ከ4.6 በላይ የሆነ፣ ማለትም አሲዳቸው ያነሰ አትክልቶችና ጥራጥሬዎች በጠርሙስ ታሽገው ውጭ ለማቆየት በግፊት ድስት ካልሆነ በፈላ ውሃ ብቻ አይበቃቸውም። ለዚህ ሥራ በቤተ ሙከራ ከተፈተነ መመሪያ ውጭ አይጠቀሙ።

ብዙ የቆዩ መጻሕፍት ጥሬ ዶሮ እንዲታጠብ ያዝዛሉ። ማጠቡ ባክቴሪያውን በገንዳውና በዕቃው ላይ ይረጫል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። የተረፈ ምግብ፣ በተለይ ሩዝ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ።

የካሎሪ ቁጥሩን ሳይጠይቁ መያዝ

ቁጥሩ የሚያንሰው አንዳንዴ ምግቡ ቀሎ ሳይሆን ድርሻው ስለጠበበ ነው፤ አራት ሰው የሚበላውን ድስት «ለስምንት» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ባዶውን ድስት ይመዝኑ፣ ምግቡ በስሎ ሲወጣ ደግሞ ከነድስቱ ይመዝኑ፣ ልዩነቱን በሰው ቁጥር ያካፍሉ፤ ሳህን ላይ የሚወጣውን ያኔ ያውቃሉ። የእያንዳንዱን ነገር ይዘት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ፉድዳታ ሴንትራል የተባለው የመረጃ ቋት በነፃ ያሳያል።

ገና በመጀመሪያው ቀን መለወጥ

ስኳሩን ቀንሶ፣ ዘይቱን አውጥቶ፣ ዱቄቱን ቀይሮ የጋገረ ሰው ምን እንዳበላሸበት ሊያውቅ አይችልም። የመጀመሪያውን ጊዜ እንደተጻፈው፣ ሁለተኛውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ይሥሩ። ስኳር ጣዕም ብቻ ሳይሆን እርጥበትም ይይዛል፤ እስከ ሩብ ቢቀንስ ብዙ ኬክ ይችለዋል፣ ግማሹ ሲወጣ ግን ይደርቃል። የመጋገሪያው ቆርቆሮ ስፋትም ይቆጠር፦ ከ20 ሴንቲ ሜትር ክብ ወደ 25 ሲሄዱ ስፋቱ 1.56 እጥፍ ይሆናል፤ ሊጡ ካልተጨመረ ይሳሳና ቶሎ ይደርቃል።

መጽሐፍ ማከማቸት

ከሃያ ያልተከፈቱ መጻሕፍት ሁለት የተለፉባቸው ይሻላሉ፦ አንድ መሠረታዊ ዘዴዎችን የሚያስተምር፣ አንድ ስለ አትክልትና ጥራጥሬ። ለደም ግፊት የሚጠነቀቅ ሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም ዳሽ በተባለው፣ የደም ግፊትን ለመቀነስ በታሰበው አመጋገብ ላይ ያወጣቸውን ነፃ ጽሑፎች ሊጨምርባቸው ይችላል። እርሳስ ወጥ ቤት ይኑር፤ ካበሰሉ በኋላ ኅዳጉ ላይ ቀኑን፣ የፈጀውን ደቂቃ፣ በግራም የገባውን ጨውና በሚቀጥለው የሚለወጠውን አንድ ነገር ይጻፉበት።