የፈተላችሁት ክር ሹራቡን ካጣመመባችሁ

በእንዝርት በፈተላችሁት ጥጥ ሹራብ ስትሠሩ ወደ አንድ ጎን ይጣመምባችኋል? ነጠላውን ክር እንዳለ አትሥሩበት፤ ገምዱት። ሁለት ልቃቂት ያዙ፣ ጫፎቻቸውን አንድ ላይ እንዝርቱ ላይ እሰሩና መጀመሪያ ከፈተላችሁበት በተቃራኒው አሹሩት። ተቃራኒው ዙር የፊተኛውን ጥምዝ ስለሚያመዛዝነው ክሩ ይረጋል። አንድ ክንድ ያህል ሳቡና ሁለቱን ጫፍ አቀራርቡ፦ ሳይጠማዘዝ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ በቃ፣ ደርሷል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ማስጣት ነው። እኔ ፒያሳ በረንዳዬ ላይ ነው የማሰጣው። ሲደርቅ ጠበቅ፣ ሞላ ይላል፤ መርፌው ላይ ሲሄድ እንዴት ደስ እንደሚል!

ለነጠላ የሚሆን ማግ ግን አትግመዱ። ሸማኔው የሚፈልገው ያልተገመደውን፣ ለስላሳውን ነው።