በኢኮኖሚ ትንበያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጀማሪዎችን ሥራ ስገመግም ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ስህተት፣ ትንበያው በተሠራበት ቀን ገና ባልታወቀ መረጃ የሞዴሉን፣ ማለትም ካለፈ መረጃ ተነስቶ የሚተነብየውን ስሌት፣ ብቃት መፈተን ነው። የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት አኃዝ መጀመሪያ ይፋ የሚሆነው ባልተሟላ መረጃ ስለሆነ በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ፣ ይከለሳል። የተከለሰውን አኃዝ ዛሬ አውርዶ «ሞዴሌ ያኔ ቢኖር ይህን በትክክል ይተነብይ ነበር» ማለት ሰሚን ማሳሳት ነው፤ ያኔ ይህን አኃዝ በእጁ የያዘ ማንም አልነበረምና። እኔም ወድቄበታለሁ። በፍተሻ እጅግ ጥሩ የነበረ ሞዴሌ ሥራ ላይ በዋለ ማግስት በተከታታይ ሲስት ሠንጠረዡን መስመር በመስመር መረመርሁ፤ የሩብ ዓመቱን አኃዝ ይፋ የሆነው ከሳምንታት በኋላ ሆኖ ሳለ፣ ሩብ ዓመቱ ባለቀበት ቀን እንደታወቀ አድርጌ አስፍሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ቀን እመዘግባለሁ፦ አኃዙ የሚመለከተውን ጊዜና ይፋ የሆነበትን ቀን። አኃዙ ሲከለስም የቀድሞውን አልሰርዝም። የጊዜ ቅደም ተከተል ያለውን መረጃ በዕጣ አደባልቆ ለሞዴሉ ማሠልጠኛና መፈተኛ መክፈልም ያው ስህተት ነው፤ ሞዴሉ የኋላውን አይቶ የፊተኛውን እንዲተነብይ ያደርጋልና።

ሁለተኛው፣ ሞዴሉን ከቀላል ግምት ጋር አለማነጻጸር ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሚስና ኬኔት ሮጎፍ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የዘመኑ የምንዛሪ ተመን ሞዴሎች እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ «ተመኑ ባለበት ይቆያል» ከሚለው ግምት እንደማይሻሉ አሳይተዋል፤ ያውም በኋላ የታየው እውነተኛ የወለድ መጠንና የመሳሰለው አኃዝ ተሰጥቷቸው። ይህን ንጽጽር ያላካተተ ሪፖርት ሲቀርብልኝ ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

ዕድገትን የመሰለ ወደ ዜሮ የሚጠጋ አኃዝ ሲተነበይ ስህተቱን በመቶኛ መለካት አይገባም፦ 5 ለሆነው 5.5 ብሎ የተነበየ 10 በመቶ፣ 0.1 ለሆነው 0.6 ያለ ግን 500 በመቶ ስቷል ይባላል፤ የሁለቱም ስህተት እኩል ግማሽ ነጥብ ሆኖ ሳለ።

አንድ ቁጥር ብቻ አውጥቶ ማቅረብም ይቅር። የእንግሊዝ ባንክ በ1996 እ.ኤ.አ. የዋጋ ግሽበት ትንበያውን ወደፊት እየሰፋ በሚሄድ የማራገቢያ ቅርጽ ማሳየት የጀመረው፣ ጊዜው በራቀ መጠን ጥርጣሬው ስለሚጨምር ነው። ቅርጹን ማውጣት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ውጤቱ በ90 በመቶ ዕድል ይወድቅበታል ያሉት ክልል እውነተኛውን ውጤት ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መያዙን፣ ትንበያውን በወጣበት ቀን ካስቀመጡት መዝገብ ቆጥረው ያረጋግጡ።