ቀይ ሁሉ የአሸዋ ድንጋይ አይደለም፦ ከጎንደር ሆነው ዓለት ሲመለከቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠረጴዛዬ ላይ ጡጫ የምታህል ቀይ ድንጋይ አለች። ከዓመታት በፊት ትግራይ፣ ገርዓልታ ውስጥ፣ ከገደል ሥር ከወዳደቁት መካከል ያነሳኋት የአሸዋ ድንጋይ ናት። እዚህ ጎንደር ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያገላብጣትና «ይህች የፋሲል ግንብ ድንጋይ አይደለችም እንዴ?» ይለኛል። አይደለችም። ጥያቄውን ለምጄዋለሁ፤ ከጀርባው ያሉትን ስህተቶች ግን አንድ በአንድ ማንሳት ይሻላል።

በቀለም መፍረድ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። የፋሲል ግቢ ግድግዳ በአብዛኛው ጠቆር ያለ ቡናማ ባዛልት፣ ማለትም ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ነው። በበርና በመስኮት ቅስቶች ላይ የሚታየው ቀላ ያለ ድንጋይ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጠቅጥቆ የጠነከረ ነው። ሁለቱም የእሳት ልጆች ናቸው። የገርዓልታው ግን አሮጌ ዓለት ተፈርፍሮ፣ አሸዋው በውኃ ተጉዞና ተከማችቶ፣ ኋላም ተጣብቆ የተሠራ ነው።

ታዲያ መቅላቱ ከየት መጣ? ከብረት። በአሸዋው ድንጋይ ውስጥ እያንዳንዱን ፍሬ ስስ የብረት ዝገት ለብሶታል፤ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ ያለው ብረትም አየርና ውኃ ሲያገኘው ይዝጋል። ስለዚህ ቀለሙ ስለ ዝገቱ እንጂ ስለ ድንጋዩ አወላለድ አይነግረንም።

ይልቅ ፍሬውን ይመልከቱ። አጉሊ መነጽር ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም አውራ ጣት ይበቃል። የእኔዋን ድንጋይ ስታሹዋት አሸዋ ታራግፋለች፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩዋት እንደ ስኳር ቅንጣት የተለያዩ፣ መስታወት የሚመስሉ የኳርትዝ ፍሬዎች ይታያሉ። በአመዱ ድንጋይ ውስጥ ይህን የመሰለ ወጥ ፍሬ አይገኝም፤ የተሰባበሩና ማዕዘናቸው የሾለ ቁርጥራጮች በአመድ መካከል ተበትነው ነው የሚታዩት።

ንብርብር ያለው ሁሉ ደለል ነው ማለት

ከደባርቅ ወጥቶ የሰሜን ተራሮችን ገደል ያየ ሰው ንብርብሩን ቆጥሮ «አሸዋ ድንጋይ» ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም በተማሪነቴ ብያለሁ። እነዚያ እርከኖች ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንዱ በሌላው ላይ የፈሰሱ የቅልጥ ዓለት ጎርፎች ናቸው። አንዳንዱ እርከን ሲቀዘቅዝ ተሰንጥቆ እንደ ተደረደረ ምሰሶ ቆሟል። ጋዝ የወጣባቸው ቀዳዳዎችም ብዙ ጊዜ በነጭ ማዕድን ተሞልተዋል።

በሁለት ጥቁር እርከኖች መካከል ቀይ መስመር ካያችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። እሳተ ገሞራው ፋታ በሰጠበት ጊዜ የተፈጠረ አፈር ነው፤ ቀጣዩ ፍሳሽ ሲመጣበት እንደ ሸክላ ተተኮሰ።

የእውነተኛው አሸዋ ድንጋይ ምልክት ሌላ ነው፦ በአንድ ንብርብር ውስጥ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ቀጫጭን መስመሮች። እነዚህ መስመሮች አሸዋው በየት በኩል ይወርድ እንደነበር ያሳያሉ። ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረቀ ወንዝ በየት አቅጣጫ ይፈስ እንደነበር ከድንጋይ ላይ ማንበብ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

«ባሕር የነበረበት ነው» ብሎ መደምደም

ከፊል እውነት ስላለበት ለማረም ያስቸግራል። አዲግራት የአሸዋ ድንጋይ የሚባለው፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 700 ሜትር የሚወፍረው ዓለት፣ በአብዛኛው የወንዞች ሥራ ነው። ባሕሩ የመጣው በኋላ ነው፤ ለዚያም ከላዩ ያለው የመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ምስክር ነው። ከሥሩ ደግሞ እንጢቾ የሚባል፣ በዕድሜ የሚበልጠው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከእርሱ ጋር የተያያዙት ክምችቶች የበረዶ ግግር አሻራ አላቸው። አዎን፣ ትግራይ ውስጥ የበረዶ ግግር፤ ዳይኖሰሮች ከመኖራቸው በፊት።

አንድ የአሸዋ ድንጋይ ብቻ ያለ መምሰል

ከጎንደር በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ዓባይ በረሃ ሲወርድ በመስኮት ይመልከት። ከላይ ባዛልት አለ። ከሥሩ አንድ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ወደ ታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ። የታችኛው የአዲግራት ወገን ነው። በሁለቱ መካከል ባሕር መጥቶ ተመልሷል። አውቶቡሱ በአንድ ቁልቁለት የሚያልፈው ይህን ሁሉ ነው፤ ተሳፋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኝቷል።

የዓለቱንና የገደሉን ዕድሜ ማምታታት

ዓለቱ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቢሆነውም፣ ገርዓልታ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ምሰሶዎች ግን ያን ያህል አያረጁም። አገሩ ከፍ ካለ በኋላ ውኃ በስንጥቆቹ እየገባ ቀርጾ ያወጣቸው ናቸው። አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዚያ ገደል ላይ ትናንት እንደተፈለፈለ ይቆጠራል። ሦስት ዕድሜ በአንድ ስፍራ አለ ማለት ነው።

በዚያው ለማረም ያህል፦ ላሊበላም የአሸዋ ድንጋይ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈለፈለ ነው። ግራናይት የሚባሉት የአክሱም ሐውልቶችም የግራናይት ዘመድ ከሆነ፣ ኳርትዝ ከሌለው ዓለት የተጠረቡ ናቸው።

ስም መፋቅና ድንጋይ ማንሳት

የአሸዋ ድንጋይ ለብዙ ዘመን ውጭ ሲቆይ ፊቱ ይጠነክራል፤ ከውስጥ የሚወጣ እርጥበት ያመጣው ማዕድን ላዩ ላይ ይደርቃልና። ያ ቅርፊት በሚስማር ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አሸዋ ለዝናብ ይጋለጣል፤ ጉድጓዱም ከተጻፈው ስም አልፎ ይሰፋል። ጎብኚዎችን በዚህ ስቆጣ፣ አንዲት ተማሪዬ «ጋሼ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለችውስ?» አለችኝ። የወደቀች ነበረች ብዬ መለስኩላት። ፊቷን ሳየው መልሴ እንዳልበቃት ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልበቃኝም።