ከጉበት ኦፕሬሽን በኋላ የላብ ወረቀቱን እንዴት እናንብበው? ነጭ የደም ሴሎቹስ እዛ ምን ይሰራሉ?

ሰርጂካል ዋርድ የምሰራ ነርስ ነኝ። አንድ ልጅ አባቱ ጉበቱ ላይ የነበረው ዕጢ ተቆርጦ በወጣ ማግስት የላብ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይዞልኝ መጣ። ኤኤልቲ (ከተጎዳ የጉበት ሴል ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም) 640 ይላል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ኖርማሉ እስከ 40 ተብሎ ተጽፏል። "እህቴ፣ ጉበቱ አለቀ ማለት ነው?" አለኝ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ። አላለቀም ነበር። ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚነገር ነገር ስላልሆነ፣ እንደሱ የተጨነቀ ቤተሰብ ሁሉ እንዲያገኘው ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሆነውን እወቁ። ጉበት ውስጥ በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ስለሚያልፍ ዝም ብሎ ሲቆረጥ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ስለዚህ ሰርጅኑ ብዙ ጊዜ ወደ ጉበት የሚገቡትን የደም ስሮች ለጊዜው በክላምፕ ይዘጋቸዋል። ፕሪንግል ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ዘዴውን ጽፎ ባወጣው በግላስጎው ሰርጅን ስም። ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ይዘጋል፣ 5 ደቂቃ ይለቀቃል፣ ከዛ እንደገና ይዘጋል። በተዘጋበት ሰዓት የጉበት ሴል ኦክስጅን ያጣል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ ያብጣል። ሰው የማይጠብቀው ነገር ግን ጉዳቱ የሚብሰው ደሙ ሲመለስ መሆኑ ነው፣ የነጭ የደም ሴሎቹ ጉዳይ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ጉበት የራሱ ዘበኞች አሉት፣ ኩፐር ሴል ይባላሉ። በጥቃቅኖቹ የደም መንገዶች ዳርና ዳር ተቀምጠው ከአንጀት በደም የሚመጣውን ባክቴሪያና ቆሻሻ እየያዙ ይበላሉ፣ ስራቸው ይሄ ነው። ኦክስጅን አጥቶ የሞተ ሴል ሲፈነዳ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ይፈሳል፣ ዘበኞቹም ያንን ሲያገኙ ጀርም የገባ ያህል ቆጥረው ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካው ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሰሩት እነዚህ ዘበኞች ናቸው። ፊሽካውን የሰሙ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ውስጥ እየተግተለተሉ ይመጣሉ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ቀን ገደማ ሜዳው የእነሱ ነው። ጀርም መግደያቸውን ይረጫሉ፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግተው ይሞታሉ፣ መረቡ ደግሞ ጥቃቅን የደም መንገዶችን ይዘጋል። እዛ ግን ጀርም የለም፣ ስለዚህ የሚመታው ጤነኛው የጉበት ሴል ነው። ያ 640 ከዚህ ነው የመጣው፣ ከኦክስጅን ማጣቱም፣ ከዘበኞቹና ከኒውትሮፊሎቹም።

ታዲያ ለምን ዝም አናሰኛቸውም የሚል ይኖራል። ምክንያቱም ጉበት ተመልሶ እንዲያድግ ትዕዛዙን ከሚሰጡት ውስጥ እነዚሁ ኩፐር ሴሎች አሉበት፣ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 6 ለተረፈው ጉበት "ተባዛ" የሚሉ መልዕክቶች ናቸው። ኢንተርሉኪን 6 በሌላቸው አይጦች ላይ ጉበት ሲቆረጥ በደንብ አላደገም። በኋላም የሞተውን ጠርገው የሚያነሱት፣ ከዛ ጸባያቸውን ቀይረው ቁጣውን የሚያበርዱት ማክሮፋጆች (ኩፐር ሴሎችም ከእነሱ ወገን ናቸው) ናቸው። እኔ በጣም የምወደው የሰውነት ስራ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አንድ ደብተር ግዙና ከላይ ሶስት ነገር ጻፉ፣ ከጉበቱ ምን ያህል እንደተቆረጠ፣ ክላምፑ በድምሩ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ጉበቱ ስብ፣ ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ መጠንከሩ) ወይም ኬሞ የነካው እንደነበር። ሰርጅኑን ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ጤነኛ ጉበት ሩቡ ገደማ ቢተርፍም ይበቃዋል፣ ሲሮሲስ ያለበት ግን 40 በመቶ ገደማ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ አንዱን ሰው የማያሳስብ ቁጥር ሌላውን ሊያሳስብ ይችላል። ከስር በየቀኑ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ቢሊሩቢን (ጉበት ከደም የሚያጸዳው ቢጫ ነገር)፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካ) እና ነጭ የደም ሴል ብላችሁ መስመር አስምሩ።

ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከተጎዳ ሴል የፈሰሱ ናቸው፣ ጉበቱ እየሰራ ነው ወይ የሚለውን አይነግሯችሁም። በመጀመሪያው ወይ በሁለተኛው ቀን ጣሪያ ይነካሉ፣ ከዛ ይወርዳሉ፣ ኤኤስቲ ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ቀድሞ ይወርዳል፣ ኤኤልቲ ግን ግማሹ እስኪወጣ ሁለት ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ሲዘገይ አትጨነቁ። መውረድ ጀምሮ እንደገና ሽቅብ ካለ ግን የደም ስር ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ዶፕለር አልትራሳውንድ (የደም ፍሰት የሚያሳይ) ይታይ እንደሆነ የዛኑ ቀን ጠይቁ።

ስራውን የሚለኩት ቢሊሩቢንና አይኤንአር ናቸው፣ ዓይናችሁ እነሱ ላይ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ከፍ ማለታቸው ይጠበቃል። 5ኛው ቀን ላይ ግን ሁለቱም ከፍ እንዳሉ ከሆነ ወይም እየጨመሩ ከሆነ፣ ኤኤልቲ ቢወርድ እንኳን "እየተሻለው ነው" አትበሉ፣ ሐኪሞች ጉበቱ ስራ አቅቶታል ወይ ብለው የሚመዝኑት በዚህ ቀን ነው። ቢሊሩቢን በዴሲሊትር ከ3 ሚሊግራም በላይ ሆኖ ፕሮትሮምቢን የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ ደግሞ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ በጣም አደገኛ ምልክት ነው። ያ ልጅ 3ኛው ቀን ላይ ኤኤልቲ 290 ሲሆን ደስ ብሎት ሊያቅፈኝ ደረሰ፣ እኔ ግን ቢሊሩቢኑን ነበር የማየው፣ እሱም ደግነቱ እየወረደ ነበር።

ነጭ የደም ሴል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ከፍ ቢል አብዛኛውን ጊዜ ከቁስሉ ነው። ወርዶ 5ኛ 6ኛ ቀን ላይ ከትኩሳት ጋር ከተመለሰ ግን መግል መቋጠር ወይም የሐሞት መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ዝም አትበሉ። ጉበት የተተከለለት ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እሱ ጋ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ሊቆጥሩት ስለሚችሉ እነሱን የሚያበርደውን መድኃኒት ታክሮሊመስን አንድ ቀን እንኳን እንዳያስቀር።

ቤት ስትገቡ "ኢሚዩን ያጠነክራል" ተብሎ የሚሰጥ ቅጠልና ዱቄት አትስጡት፣ በፍቅር የሚመጣ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ገና እያገገመ ያለ ጉበት ላይ ነው የሚያርፈው። አልኮል ይቅር፣ አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይሆንም፣ ፓራሲታሞልም በታዘዘው ልክ ብቻ። ሄፓታይተስ ቢ በሀገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፣ ካልተመረመረ ይመርመር፣ መድኃኒት ጀምሮ ከነበረ በራሱ እንዳያቆም።

በየጠዋቱ መስኮት ጋ በቀን ብርሃን የዓይኑ ነጭ ቢጫ እንዳልሆነ እዩ። ጉበት ስራ ሲያቅተው አእምሮም ስለሚደናገር፣ ከዛ ደብተሩን ስጡትና ስሙን በየቀኑ አንዱን ከአንዱ ስር ይጻፍ። ፊደሉ ከትናንቱ እየተበላሸ ከሄደ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት የሚያፈጥ ከሆነ፣ እጁን ዘርግቶ ሲይዝ መዳፉ የሚወድቅ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ገና በር ላይ "ጉበቱን ኦፕሬሽን የሆነ ነው፣ ስንተኛ ቀኑ ነው" ብላችሁ ጀምሩ።