ባንድ ለማየት ወደ ሀዋሳ፦ ከጓደኛ ጋር መንገድ ስትወጡ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኮንሰርት ሲሆን ግን መንገዱ ይረዝማል። ሰዓት ይዞናል፣ ትኬት ተቆርጧል፣ መኪናው ደግሞ የአንዳችን ብቻ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች ነን፤ የምንወደው ባንድ ከከተማ ወጥቶ ይጫወታል ከተባለ ቤት አንቀመጥም። በእነዚህ ጉዞዎች የደረሰብንን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። መንገድ ላይ ጉዞውን ያበላሸብን ነገር አብዛኛው ከቤት ሳንወጣ ልንነጋገርበት አፍረን የተውነው ነው። ማን ይከፍላል? ማን ይነዳል? ማታ የት እናድራለን?

ስንደርስ ኮንሰርቱ ሊያልቅ ነው

ይሄ የደረሰብን ለፍተን፣ ነዳጅ ቀድተን፣ ዘንጠን ነው። ፖስተሩ ላይ «በር የሚከፈተው 10:00» ይላል። እኛ የፈረንጅ አቆጣጠር መስሎን ማታ 4 ሰዓት ብለን አሰብን። ለካ በሀበሻ ነው፤ ከሰዓት 10 ሰዓት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቀድመን የደረስን መስሎን ስንገባ ባንዱ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች እየተጫወተ ነበር። ያን ቀን ጓደኛችን አለቀሰች፤ አልፈርድባትም።

ምክንያቱ ሁለት ሰዓትና ሁለት የቀን መቁጠሪያ ይዘን መኖራችን ነው። ቀኑም እንደዚያው ነው። ፖስተሩ «ሴፕቴምበር 10» የሚለውን አንዱ ወደ አማርኛ መለስኩ ብሎ ግሩፑ ላይ «መስከረም 10» ብሎ ከጻፈው፣ አለቀላችሁ። ሴፕቴምበር 10 ጳጉሜን 5 ነው፤ መስከረም 10 ደግሞ ከዚያ አስር ቀን በኋላ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ፖስተሩ ላይ ወዳለው ስልክ ደውሉና «ቀን ነው ማታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ግሩፑ ላይ የሳምንቱን ቀን ጨምራችሁ ጻፉ፦ «ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ በሀበሻ»። የሳምንቱ ቀን ከተጻፈ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በዚያው ስልክ ኮንሰርቱ እንዳልተራዘመም አረጋግጡ። በፈቃድም በዝናብም ምክንያት በዋዜማው የተሰረዘ ኮንሰርት ብዙ ነው። ጉዞ በምትጀምሩበት ጠዋት አንዴ ድገሙት። የተሰረዘ እንደሆነ ትኬቱን አትጣሉ፤ ገንዘባችሁን የምታስመልሱት በእሱ ነው።

12 ሰዓት ተባብለን 3 ሰዓት ላይ እንወጣለን

ምክንያቱ ሹፌሩ ሁሉንም ከየቤቱ መልቀሙ ነው። አንዱ ጀሞ፣ አንዱ አያት፣ አንዷ ሽሮ ሜዳ። ሁለት ሰዓት ከተማ ውስጥ ያልቃል፤ ያ ደግሞ የሚያልቀው ከሹፌሩ ጉልበት ነው።

በመውጫው በኩል አንድ ቦታ ተቃጠሩ። እኛ ቃሊቲ ላይ ነው የምንገናኘው፤ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ደርሰን የፍጥነት መንገዱ ውስጥ እንገባለን። ማታውኑ ከጓደኛ ቤት ማደር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። አርብ ከሰዓት ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ሳሪስና ቃሊቲ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ስትጋፉ ትመሻላችሁ። ቅዳሜ በጠዋት ውጡ።

መንገድ ላይ በብር እንኳረፋለን

አንዱ ነዳጅ ቀዳ፣ አንዱ ምሳ ከፈለ፣ አንዱ የመንገድ ከፈለ። ማንም አይናገርም። ማታ ሆቴል ላይ ሂሳብ ሲመጣ ግን ፊት ይለዋወጣል። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። በጓደኛ መካከል ስለ ገንዘብ ማውራት የሚያሳፍር ይመስለናል፣ ዝም ስንል ደግሞ እያንዳንዱ በልቡ የየራሱን ሂሳብ ይይዛል፣ ሁለት ቀን ሙሉ የተያዘ ሂሳብ ደግሞ ሲወጣ አያምርም።

ከመውጣታችሁ በፊት እኩል አዋጡና እንደ እቁብ ሰብሳቢ አንድ ሰው ይያዘው። ከዚያ ገንዘብ ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ምግብ፣ ማደሪያ ይከፈላል። የሚጠጣ የሚጠጣውን ለብቻው ይክፈል፤ ለማይጠጣው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የተረፈው ሲመለሱ ይከፋፈላል። በእኔ እምነት ባለመኪናው ለነዳጅ ማዋጣት የለበትም። ጎማው የሚያልቀው የእሱ ነው፣ ዘይት የሚቀይረው እሱ ነው። ይህን ሳይጠየቅ ቀድሞ የሚያነሳ ጓደኛ ካላችሁ ያዙት።

የሙቀት ቀስቷ ወደ ላይ ትወጣለች

ይሄኛው ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ሞተር የሚበላው ይሄ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው መንገድ ደግሞ ቀን ላይ ያቃጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀስ እያለ የኖረ ቪትዝ ወይም አሮጌ ኮሮላ አምስት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ በፍጥነት ሲነዳ የተደበቀው ችግር ሁሉ ይወጣል። የተለመዱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ራዲያተሩ ውሃ ጎድሎታል፣ የራዲያተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ያንጠባጥባል፣ ፋኑ አይዞርም፣ ወይም ቺንጋው (ቀበቶው) ላልቷል። ቆማችሁ ስትጠብቁ እየሞቀ ስትነዱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑን ጠርጥሩ። ስትነዱም ከሞቀ ውሃው ጎድሎ ወይም ራዲያተሩ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ቀስቷ መውጣት ስትጀምር ወዲያው ኤሲውን አጥፉ። መስኮት ክፈቱና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ልቀቁት። አዎ፣ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ እየሳበ ያወጣዋል። ካልወረደ ድብል ፍሬቻ አብርታችሁ ዳር ያዙ። ሞተር አጥፉ። ባለሶስት ማዕዘኑን አንፀባራቂ ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ሰው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ ከመንገዱ ውጭ ይቁም።

ከዚያ ጠብቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትነኩት፤ የፈላው ውሃ በግፊት ወጥቶ ፊትና እጅ ይልጣል። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ሙሉት። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መጨመርም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል። «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንድረስ» የሚለው ሰው ከመሀላችሁ አይጠፋም። አትስሙት። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ የሚወጣው ወጪ ከኮንሰርቱም ከሆቴሉም በላይ ነው።

ለዚህ ሁሉ መከላከያው በዋዜማው የሚደረግ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ውሃውንና ዘይቱን እዩ፣ አምስት ሊትር ውሃ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጡ።

ጎማ

በሙቀት ቀን፣ በፍጥነት መንገድ ላይ፣ ሰው በሞላው መኪና የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ አየር የጎደለው ወይም ያረጀ ጎማ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 3519 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ጎሚስታ ጋ አየሩን አስለኩ። እስኮርታውንም (ተጠባባቂውን ጎማ) አስለኩት፤ ለዓመት ሳይነካ ተቀምጦ የሚፈለግ ቀን ባዶ ሆኖ የሚገኝ እሱ ነው። ክሪክ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ።

ከፈነዳ ፍሬን አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፣ መኪናው ራሱ ሲቀንስ ዳር ያዙ።

ማደያ ደርሰን መቅዳት አልቻልንም

ነዳጅ በሞባይል የሚከፈል ከሆነ ወዲህ ኔትወርክ ከሌለ ነዳጁ ቢኖርም አይቀዳም። ሰልፍ ደግሞ አለ። ስለዚህ በዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ሙሉት፤ ግማሽ ሲደርስ በመጀመሪያው ሰልፍ የሌለበት ማደያ ግቡ። ክፍያው በሁለት ሰው ስልክ ላይ ዝግጁ ይሁን። እግረ መንገዴን፦ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎ። ትራፊክ ካስቆማችሁ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ሀዋሳ ላይ አልጋ የለም

ኮንሰርት የሚበዛው በበዓል ሰሞን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ሲሆን መድረኩ ጭር ይላል፣ ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ይፈነዳል። ሀዋሳ ደግሞ የራሷ ቀን አላት። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የሀዋሳ ገብርኤል ነው፤ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን ሳትይዙ ከሄዳችሁ መኪና ውስጥ ታድራላችሁ። ቀደም ብላችሁ ቅድሚያ ከፍላችሁ ያዙ፣ በጉዞው ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ። ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ።

ትኬት ይዘን በር ላይ ተመለስን

ጓደኛችን ትኬቱን ደስ ብሎት ፎቶ አንስቶ ለቀቀው። ኮዱ ይታያል። አንድ የማናውቀው ሰው ያንን ፎቶ አሳይቶ ቀድሞን ገባ፤ የእኛ ሲታይ «ተጠቅመውበታል» ተባልን። ማሽኑ የሚያውቀው መጀመሪያ የመጣውን ብቻ ነው። ትኬት ከኮንሰርቱ በፊት አይለጠፍም። ከተጻፈው መሸጫ ውጭ መግዛትም ያው አደጋ አለው፣ አንዱ ትኬት ለአምስት ሰው ሊሸጥ ይችላል።

ድምፁ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይሰማም

ብዙዎቻችን ቀድመን ገብተን ስፒከሩ ሥር እንቆማለን። እዚያ የሚሰማው ቤዝና ድራም ነው። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ባንድ ማለት ከዘፋኙ ጀርባ የሚቆም ነው። እንደ ጃኖ ባንድ ያለው ግን በራሱ ስም መድረክ ይወጣል፣ ከፊት ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ይዞ ነው የተነሳው። እንዲህ ያለ ባንድ ሲጫወት አንዱ ድምፅ ካመለጣችሁ ሩብ ዘፈን አመለጣችሁ። ወደ ኋላ ተመለሱና ሚክሰሩ ያለበት ፊት ለፊት ቁሙ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ነው፤ ስለዚህ ጥሩው ድምፅ እዚያ ነው።

ጆሯችሁ መጮህ ከጀመረ ከስፒከሩ ራቁ። 100 ዴሲቤል ድምፅ ጆሮ ያለ ጉዳት የሚችለው ለ15 ደቂቃ ያህል ነው። ጥጥ ብዙም አይከላከልም፣ የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ያዙ።

ስትገቡ ደግሞ መገናኛ ተባባሉ። ሰው ሲበዛ ስልክ አይሠራም። «ከተጠፋፋን ሲያልቅ በዋናው በር በስተቀኝ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ታድናለች። ጥሪ እምቢ ካለ አጭር መልእክት ላኩ፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል።

ሆድን በተመለከተ፦ አሞራ ገደል (የሀዋሳው የዓሳ ገበያ) ጥሬ ዓሳ በዳጣ የሚወድ አለ። ለሚቀጥለው ቀን ያቆየው። ከኮንሰርት በፊት በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ይበቃል።

ሹፌሩ ያንቀላፋል

ኮንሰርቱ ሌሊት 7 ሰዓት አልቋል። አንዱ «ነገ ሥራ አለኝ፣ አሁኑኑ እንመለስ» ይላል። ሁሉም ሞቅ ብሎታል። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ እምቢ በሉ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ሹፌሩ ዝም ይላል። ዓይኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። መኪናው መስመሩን ትነካና ትመለሳለች። «ሻሸመኔን አለፍን እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ይሄን ጥያቄ ከሰማችሁ አስቁሙት። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ለሶስት ሰከንድ ዓይኑ ከተከደነ ከ80 ሜትር በላይ ማንም ሳይነዳችሁ ሄዳችኋል። በሌሊት ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪ አለ፣ ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመ ከባድ መኪና አለ፣ ከብት አለ።

ምክንያቱን ሰው ድካም ብቻ ያደርገዋል። ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ነድቷል፣ ቆሞ ጨፍሯል፣ ሰውነቱ የለመደው የእንቅልፍ ሰዓትም አሁን ነው። ቢራ ከጨመረበት ጨርሶ መሪ መያዝ የለበትም። ጫት ያነቃዋል የሚሉም አሉ። ምርቃናው እስካለ ነው፤ ሲለቀው ድብርቱና እንቅልፉ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ የሚለቀው ደግሞ መንገድ መሀል ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህም ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚሠራው።

መፍትሄው አልጋ ነው። ሥራ ያለበት ሰው የማግስቱን ቀን ቀድሞ ያስፈቅድ፣ ካልቻለ በሌላ ጊዜ ይሂድ። መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሯችሁ፤ ማን መቼ እንደሚነዳ አዲስ አበባ ላይ ይወሰን፣ ነጂው ያን ሌሊት አይጠጣ። በቀንም ቢሆን እንቅልፍ ከመጣ ደህና ቦታ ቁሙ፣ ቡና ጠጡና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኙ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ስትነቁ ነው።

እኛ አሁን ከሀዋሳ የምንነሳው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ቁርስ በልተን፣ ውሃና ጎማ አይተን። ባቱ ላይ ሹፌር እንቀይራለን፤ እስከዚያ ድረስ ከኋላ የተቀመጡት ሌሊት የሰሙትን ዘፈን እየዘፈኑ ነው።